በ1809 የታተመው የአክሱም ሐውልት፦ ሁለተኛው የት ገባ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ለንደን ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የአክሱም ሐውልትን የሚያሳይ ባለቀለም ህትመት ገዛሁ። ከሥሩ 1809 የሚል ቀን አለው። አንድ ረጅም ሐውልት፣ አጠገቡ ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ትንንሽ ሰዎች ይታያሉ። እኔ ግን አክሱም ሄጄ ያየሁት ሁለት የቆሙ ትልልቅ ሐውልቶች ነው። ሰዓሊው አንዱን አጠፋው? ወይስ ጭራሽ ሳያይ ነው የሳለው? ፈረንጆቹስ በዚያ ዘመን ፍርስራሽ ላይ እንዲህ ሙጭጭ ያሉት ለምንድን ነው? ኦሪጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

እህቴ፣ ሰዓሊው ምንም አላጠፋም። ዛሬ ቆመው ከምታያቸው ከሁለቱ አንዱ፣ 24 ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ ያኔ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ጣሊያኖች በ1937 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቁርጥራጩን ጭነው ሮም ወሰዱት፣ እዚያ ገጣጥመው አቆሙት፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ቆመ። ከሁሉም የሚበልጠው፣ 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና 520 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባልለት ደግሞ ያኔም ወድቆ ነበር፣ ዛሬም እንደወደቀ ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ አክሱም የሄደ ሰው ቆሞ የሚያገኘው ትልቅ ሐውልት አንድ ብቻ ነው፣ ያ ወደ 21 ሜትር የሚጠጋው። እንዲያውም አንድ ነጋዴ ሁለቱ ትልልቅ ሐውልቶች ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩበት «የ1800ዎቹ ህትመት» ሊሸጥልሽ ከመጣ ገንዘብሽን ይዘሽ ዞር በይ።

አንቺ የገለጽሽው ከሄንሪ ሳልት ሥራ ጋር ይገጥማል። ሳልት በ1780 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው፤ ስዕል የተማረው ለንደን ውስጥ ነው። በ1802 ሎርድ ቫለንሺያ ለሚባል ባላባት ጸሐፊና ሰዓሊ ሆኖ ተቀጠረና አብረው ወደ ሕንድና ወደ ቀይ ባሕር ተጓዙ። በ1805 ቫለንሺያ እሱን ወደ ትግራይ ላከው። ሳልት ራስ ወልደ ሥላሴን አንታሎ ላይ አገኛቸው፣ በዚያው ጉዞ አክሱምን አየ። ቆሞ ያየውን ሳለ፣ የንጉሥ ዔዛናን የግሪክኛ ጽሑፍም ገለበጠ። በ1809 ለንደን ላይ ዊልያም ሚለር የሚባል አሳታሚ 24 ስዕሎቹን በትልቅ መጠን አሳተመለት። ቅድስት ሄሌና፣ የደቡብ አፍሪካው ኬፕ፣ ሕንድ፣ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ)፣ ቀይ ባሕር፣ አቢሲኒያ፣ ግብፅ፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። የአክሱሙ ሐውልት ከነዚህ አንዱ ነው።

ስለዚህ «ሳያይ ነው የሳለው?» ለሚለው፦ አይቶ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ያንቺን ወረቀት የሠራው እጅ የሳልት ብቻ አይደለም። ሳልት በውሃ ቀለም የሳለውን ለንደን ያለ ቀራጭ ወስዶ መዳብ ላይ ገለበጠው። ለዚህ ስብስብ ከሠሩት ቀራጮች መካከል የሀቬል ቤተሰብ ሰዎች አሉበት፤ በሙያው ስመ ጥር ናቸው። ከዚያ አታሚው አተመው። ከዚያ ሌላ ሰው ተቀምጦ በብሩሽ ቀለም ቀባው፣ እያንዳንዱን ወረቀት ለየብቻ። የአክሱምን ፀሐይ ያየው ከነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ነው። ሌሎቹ ለንደን ጭጋግ ውስጥ ቁጭ ብለው ነው የሠሩት።

ቴክኒኩን ካላወቅሽ ደግሞ ስዕሉን በደንብ አታነቢውም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። ዘዴው አኳቲንት ይባላል። ፈረንሳይ ውስጥ ዣን ባቲስት ለ ፕሪንስ በ1760ዎቹ ነው ያዳበረው፤ እንግሊዝ ውስጥ ያስተዋወቀው ፖል ሳንድቢ ነው። መዳብ ሰሌዳ ላይ የዛፍ ሙጫ ዱቄት ይነሰነስና ከሥር ይሞቃል። ዱቄቱ ቀልጦ እንደ ጥቃቅን ጠብታ ይጣበቃል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲነከር አሲዱ የሚበላው በጠብታዎቹ መካከል ያለውን ክፍት መዳብ ብቻ ነው። ነጭ እንዲሆን የሚፈለገው ቦታ አስቀድሞ በቫርኒሽ ይሸፈናል። ትንሽ ይነከራል፣ ይወጣል፣ ፈዛዛ እንዲሆን የሚፈለገው ይሸፈናል፣ እንደገና ይነከራል። በጣም ጥቁር የሚሆነው እስከ መጨረሻው አሲድ ውስጥ የቆየው ነው። በመጨረሻ ቀለም ይቀባል፣ ላዩ ይወለወላል፣ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በማተሚያው ሮለር ሥር በኃይል ያልፋል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ቀራጩ እንደ ሰዓሊ ብርሃኑን እያለሳለሰ መሄድ አይችልም። ደረጃ በደረጃ ነው የሚሠራው፤ ፈዛዛ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። ስለዚህ አኳቲንት የሚወደው ስዕል አለ፦ ፊት ለፊት ጥቁር ያለ ነገር፣ መሀል ላይ ብርሃን፣ ከኋላ የፈዘዘ ተራራ። አሁን ወደ ግድግዳሽ ዞር በዪ። ያ ትልቅ ዛፍ ለምን እዚያ እንዳለ ገባሽ? ዋርካው ፈጠራ አይደለም፣ በእርግጥም ከሐውልቱ አጠገብ ነበር። ግን ጥቁር ቅጠሉ ከፈዛዛው ድንጋይ ጎን ሲሆን ድንጋዩ ይጎላል። ዛፉ ባይኖር ኖሮ ቀራጩ ደመና ያጠቁር ነበር፣ ወይም ጥላ ያመጣ ነበር። ዛፉ ስለነበረ እሰየው ብሎ ተጠቀመበት።

ሐውልቱን ራሱን ግን ሳልት በቁም ነገር ነው የያዘው። በማጉያ መነጽር እዪው፦ ከታች የውሸት በሩ ከነመቆለፊያው፣ ከበሩ በላይ የመስኮቶቹ ረድፍ፣ በየፎቁ መካከል ደግሞ ያ ክብ ክብ ያለው፣ ጫፉ የወጣ የእንጨት አግዳሚ የሚመስለው፣ ባለሙያዎች የዝንጀሮ ራስ የሚሉት። ይህን በዘመናዊ ፎቶ አጠገብ አድርገሽ ረድፎቹን ቁጠሪ። ሌላም ፈተና አለ፦ ከሐውልቱ ሥር በጣም ተጠግቶ የቆመ ሰው ካለ በማስመሪያ ለኪው። ሐውልቱ 21 ሜትር ከሆነ የአንድ ሰው ቁመት 12 ጊዜ ገደማ መግባት አለበት። 20 ጊዜ ከገባ አንድ ሰው ሰዎቹን አሳንሷል ማለት ነው፣ ሐውልቱ እንዲገዝፍ።

ይቺ ሰውን የማሳነስ ዘዴ ደግሞ የቆየች ናት። ዋናው ባለቤቷ የቬኒሱ ድንጋይ ጠራቢ ልጅ ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔሲ ነው። ከ1740ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ1778 እስከሞተ ድረስ የሮምን ዕይታ የሚያሳዩ 135 ትልልቅ የኤቺንግ ህትመቶች ሠራ፤ ኤቺንግ ማለት መዳብ ላይ በመርፌ የተሳለውን መስመር አሲድ እንዲበላው ማድረግ ነው። እሱ በዘመን ከሮማንቲኮቹ (በ1800 አካባቢ ስሜትንና የተፈጥሮን ግርማ ካስቀደሙት አርቲስቶች) ይቀድማል፣ ግን የሮማንቲኮቹን ዓይን የከፈተው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ከታች ወደ ላይ ያያል። ቅስቱ ሰማይ ይነካል፣ ሳር ከድንጋዩ ስንጥቅ ይበቅላል፣ ሰዎቹ ደግሞ እጃቸውን እያወራጩ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። አንዳንዱን መስመር አሲድ ደጋግሞ ስላስበላው ጥቁረቱ ጉድጓድ ይመስላል። ህትመቶቹን ሮምን ሊጎበኙ የሚመጡ ሀብታም ወጣቶች ለማስታወሻ እየገዙ አገራቸው ይወስዷቸው ነበር። ውጤቱ አስቂኝ ነው፦ ሮምን በፒራኔሲ አውቀው ያደጉ ሰዎች ሮም ደርሰው እውነተኛውን ሲያዩ «ይኼው ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

ፍርስራሽ ለምን ወደዱ ላልሽው አንድ መልስ የለውም። ብዙ ሰው «የጥንቱን ክብር ናፍቀው ነው» ይላል። አለበት፤ ግን እኔ ገበያውንና ጣዕሙን አስቀድማለሁ። እንግሊዝ ውስጥ በ1782 ዊልያም ጊልፒን የሚባል ቄስ ስለ ዋይ ወንዝ መጽሐፍ አወጣ፤ በውስጡ ያሉት ስዕሎች አኳቲንት ናቸው። ሰውየው ለሰው ያስተማረው መልክዓ ምድርን እንደ ስዕል ማየትን ነው። ለስላሳና እኩል የሆነ ነገር አይመቸውም፤ ሻካራ፣ የተሰበረ፣ ሐረግ የተጠመጠመበት ይሁን ባይ ነው። ቲንተርን የሚባለውን የፈረሰ ገዳም አይቶ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? የግድግዳው ጫፎች በጣም እኩል ስለሆኑ ዓይን ይጎዳሉ፣ በዘዴ የተሰነዘረ መዶሻ ጥቂቶቹን ቢሰብር ጥሩ ነበር፣ ግን ማን ይደፍራል አለ። ፍርስራሹ በደንብ አልፈረሰም ብሎ ቅር የተሰኘ ሰው ነው እንግዲህ! ያን ትውልድ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከናፖሊዮን ጋር በነበረው ጦርነት ጣሊያንና ፈረንሳይ ለእንግሊዞች ለዓመታት ተዘጋባቸው። ሮም መሄድ የቀረበት ሰው አንድም የራሱን አገር የፈረሱ ገዳማት ማየት ጀመረ፣ አንድም ሩቅ አገር ባለው ህትመት ተጽናና። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ተርነር ከ1807 እስከ 1819 ባወጣው የህትመት ስብስብ ውስጥ የእንግሊዝ የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ለዚህም ነው። ወደ ሩቁ አገር ደግሞ እንግሊዛዊው ሰዓሊ ቶማስ ዳንየልና የወንድሙ ልጅ ዊልያም ቀድመው ሄደዋል። ሕንድን ለዓመታት ዞረው ከ1795 እስከ 1808 ድረስ 144 አኳቲንት አወጡ። የሳልት ስብስብ በመጠኑም በአሠራሩም የነሱን ፈለግ የተከተለ ነው። ደንበኛው ያው ነው፦ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ መንገዱ የተዘጋበት ሀብታም።

ግብፅን በተመለከተ ፈረንሳዮቹ ሌላ መንገድ ሄዱ። የናፖሊዮን ዘመቻ (ከ1798 እስከ 1801) ምሁራንን ይዞ ነው የሄደው፣ ከ1809 ጀምሮ የወጣው ግዙፍ ሥራቸው ሕንጻውን ለክቶ፣ ጽድት አድርጎ፣ አንዳንዱንም ሳይፈርስ እንደነበረ አስመስሎ ያሳያል። ከሳልት ጋር በአንድ ዓመት መጀመሩ ገጠመኝ ነው፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ለኔ ለጥናት የፈረንሳዮቹ ይሻለኛል። ግድግዳ ላይ ስቀይ ካልሽኝ ግን የሳልትን እመርጣለሁ።

ስለ አክሱም ህትመት ሲነሳ ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን መዝለል አይቻልም። ብሩስ አክሱም የደረሰው በ1770 ነው፣ መጽሐፉ በ1790 ወጣ፣ ውስጡ የዚሁ የቆመው ሐውልት ስዕል አለ። ሳልት መጽሐፉን በደንብ ያውቀው ነበር፣ አክሱም ሲደርስም እያመሳከረ ነው ያየው። ብሩስ የግብፁ ንጉሥ ፕቶሌሚ ዩዌርጌቲስ ስም ያለበት የግሪክኛ ጽሑፍ እዚያ አይቻለሁ ብሎ ነበር፤ ሳልት ፈልጎ አጣው፣ አላመነውምም። እንግሊዝ ውስጥ ያኔ የብሩስን ነገር መጠራጠር ፋሽን ነበር፣ ስለዚህ የሳልት ህትመት ስዕል ብቻ ሳይሆን «እኔ ነኝ በትክክል ያየሁት» የሚል ክርክርም ነው። በበሩና በመስኮቱ ላይ ያን ያህል የተጨነቀው አንዱም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ደስ ወደማይለኝ ነገር ልግባ። በዚህ ዓይነት ህትመት ላይ ችግሩ የተሳለው ሳይሆን ያልተሳለው ነው። የሐውልቶቹ ሜዳ ከማርያም ጽዮን ግቢ ፊት ለፊት ነው፣ አንቺ ሄደሽ አይተሻል። ደወል ይሰማል፣ ተሳላሚ ይመጣል፣ ካህናቱ በዚያ ይመላለሳሉ። ለአካባቢው ሰው አክሱም ከተማው ነው፣ ደብሩ ነው። ህትመቱን የሚያየው የለንደን ሰው ግን የሚያነበው ሌላ ታሪክ ነው፦ ድሮ ታላቅ ሥልጣኔ ነበር፣ ሞተ፣ አሁን ከሥሩ ጥቂት ምንም የማያውቁ ሰዎች ጥላ ውስጥ አረፍ ብለዋል። ይህ የሳልት ክፋት አይደለም። ስለ አክሱም ሰዎች ብዙ ጽፏል፣ ጽሑፉ ከስዕሉ የበለጠ ሕይወት አለው። የዘውጉ ልማድ ነው፦ ሮም ላይም፣ ሕንድ ላይም፣ ግብፅ ላይም ያው ሰው ያው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ሞተ ያሉት ከተማ ግን ህትመቱ በወጣ በ63 ዓመቱ፣ በ1872፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የነገሡበት ነው።

ሳልት ራሱ በኋላ ምን ሆነ ካልሽ፣ በ1815 ግብፅ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፣ በ1816 እዚያ ደረሰ። ፍርስራሽ መሳል ትቶ መሰብሰብ ገባ። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ቤልዞኒ ከጥንታዊቷ የግብፅ ከተማ ከቴብስ የራምሴስ ሁለተኛን ግዙፍ የድንጋይ ራስና ደረት በገመድና በሰው ጉልበት ጎትቶ ወደ አባይ ሲያወርደው፣ ወጪውን ከሸፈኑት አንዱ ሳልት ነበር። ዛሬ እዚያው ከተማሽ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ሄደሽ እዪው። ሳልት በ1827 ግብፅ ውስጥ ሞተ።

በ1840ዎቹ ደግሞ ገበያው ተለወጠ። አሎይስ ዜነፌልደር ሙኒክ ላይ በ1790ዎቹ መጨረሻ የፈጠረው ሊቶግራፍ አኳቲንትን ገፋው፤ በድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ በቀጥታ ይሳላል፣ መዳብ መቆፈር የለም። ፈረንሳይ ውስጥ ባሮን ቴይለር ከ1820 ጀምሮ የአገሩን የፈረሱ ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት በሊቶግራፍ እያሳተመ ነበር። በ1838 ግብፅ የሄደው ሰዓሊ ዴቪድ ሮበርትስ የሳለውንም ሉዊ ሀግ ድንጋይ ላይ ገለበጠው፣ ከ1842 እስከ 1849 ወጣ። ዛሬ ካይሮ ውስጥ በየሆቴሉ ኮሪደር የምታዪው ቅጂ ከዚያ የመጣ ነው። ያንቺ 1809 ስለሚል ሊቶግራፍ ሆኖ ከተገኘ ቀኑ ከኦሪጅናሉ የተገለበጠ ነው፣ ወረቀቱ አይደለም የ1809።

ኦሪጅናል መሆኑን ለማወቅ እንግዲህ። መጀመሪያ መጠኑ፦ የሳልት ስብስብ ትልቅ ነው፣ ስዕሉ ወደ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ያንቺ የደብተር ያህል ከሆነ ከሌላ መጽሐፍ የወጣ ወይም በኋላ የተቀዳ ነው። ቀጥሎ በአሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ፈልጊና ሰማዩን እዪ። አኳቲንት ከሆነ ሥርዓት የሌላቸው ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች፣ በዙሪያቸው እንደ መረብ የተያያዘ ጥቁር ታያለሽ፤ የደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ዓይነት። በመስመር የተደረደሩ እኩል ክብ ነጥቦች ካየሽ ግን ያ የዘመናዊ ማተሚያ ነው፣ አለቀ። የቀለሙንም ጠርዝ እዪ። በእጅ የተቀባ ቀለም አልፎ አልፎ መስመር ይስታል፣ በቅጠልና በሰማይ መካከል ትንሽ ይፈስሳል።

ሦስተኛ፣ በስዕሉ ዙሪያ መዳቡ የተጫነበት ስርጉድ ምልክት መኖር አለበት፣ በጣት ይታወቃል። ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ አይታይም፣ ያ ማለት ግን ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሰው ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ብሎ ስንቱን ቆርጧል። ከሥር ያለው የአሳታሚ ስምና ቀን ለጌጥ አይደለም። በ1735 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ለቀራጮች የባለቤትነት መብት ሲሰጥ ስምና ቀን ሰሌዳው ላይ ይጻፍ ብሎ ስላዘዘ ነው። ሆኖም ሰሌዳው ከዓመታት በኋላ ሳይለወጥ እንደገና ሊታተም ይችላል፣ ቀኑ ግን ያው ነው። ያንን የሚያጋልጠው ወረቀቱ ነው። ከፍሬሙ አውጥተሽ ወደ መብራት አንሺው። ዋትማን የሚባለው የወረቀት ፋብሪካ ስሙንና ዓመቱን ወረቀቱ ውስጥ ያስገባ ነበር። ዓመቱ 1809 ወይም ከዚያ ትንሽ የሚቀድም ከሆነ በጣም ጥሩ። ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ በኋላ የታተመ ቅጂ ነው፤ የአኳቲንት ሰሌዳ ደግሞ ቶሎ ስለሚያልቅ የኋላ ቅጂው ሰማይ ይነጣል፣ የተራራው ጥላ ይገረጣል።

ፍሬሙን ስትከፍቺ ከኋላው የተለጠፈ ካርቶን ካለ በጉልበት አትላጪው፣ ለወረቀት ጠጋኝ ስጪው፤ ለንደን ውስጥ ሞልተዋል። ቀለሙ የውሃ ቀለም ነው፣ ከመስኮት ፊት ለፊት ከሰቀልሽው ሰማያዊው ቀድሞ ይሄዳል። የመነጽሩን ፎቶና ወረቀቱ ውስጥ ያለውን ዓመት ካገኘሽ እዚሁ ለጥፊው፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ አብረን እናያለን።